አልነሣም ያለው ጉልበት

የስቅለት ዕለት ነበር። ከዓለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሕዝቡ «ኪራላይሶን» እያለ ሲሰግድ፣ አያ ደሳለ ክረምት ላይ በሽታ ያደነዘዘውን ግራ እግሩን ቁልቁል ገላመጠው። «ወደ ማኅበር ድግስ ስሄድ እየተጎተትህም ቢሆን ትከተለኛለህ፤ ለአምላኬ ልስገድ ስል ትሸፍታለህ? ሆዳም!» አለው። ጎልማሳው ጎረቤቱ ጋሻዬ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «አያ፣ ተቀምጠው ራስዎን ዝቅ ቢያደርጉም እኮ ይበቃል» አለው።

«ለእንዳንተ ያለው ልፍስፍስ ይበቃው ይሆናል!» ብሎ ዱላውን ጣለና ለስግደት ተደፋ። ሳይታመም በፊት በስግደት እሱን የሚያህል አልነበረም፤ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ይነሣና፣ ወገባቸውን ይዘው የሚያቃስቱትን ዘወር ብሎ በንቀት ያያቸው ነበር። ዛሬ ግን ግንባሩ ድንጋዩን ነካና ጉልበቱ አልነሣም አለ። በዙሪያው ነጫጭ ጋቢ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሣል። እሱ እንደተደፋ ጭኑን በጡጫ ይወቅጣል። «ተነሥ አንተ ከሃዲ! በሰው ፊት አዋረድኸኝ እኮ!»

ጋሻዬ ጎንበስ ብሎ ብብቱን ያዘው። «አያ፣ ላንሣዎት?»

አያ ደሳለ ሊሳደብ አፉን ከፈተ። ነገር ግን ከወደቀበት ሆኖ እንደ ድሮው ዘወር ብሎ የሚንቀው ሰው አንድም አልታየውም፤ በትንፋሹ የረጠበ ድንጋይ ብቻ አፍንጫው ሥር ነበር። ጡጫው ቀስ ብሎ ተፈታ።

«ተወኝ ልጄ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ እስከ ዛሬ የማውቀው መነሣቱን እንጂ መስገዱን አልነበረም።»