ወለተ ኢየሱስ በሁለት መስኮት

ላፕቶፑ እንደገና ደርቆ ቀረ። ጽናት አጥፍታ ታበራዋለች። የአያቷ ወንድም መሪጌታ ኪዳነ ወልድ በቀየት ከተማ ብርድ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ በትምህርት ቤቱ ክፍል ከተማሪዎቹ አግዳሚ ላይ ሆነው ያያሉ።

«ምን ሆነብሽ?»

«የዘሩን ሐረግ በሙሉ አሳየኝ ስለው ነው፣ አባባ። ከአባትየው ገብቶ ልጁን ያገኛል፣ ከልጁ ገብቶ ተመልሶ አባትየውን። ማብቂያ የለውም።»

«ኧረ! ሞኝ ነው እንዴ?» ነገሩ ጥሟቸው ወደ ስክሪኑ ይጠጋሉ። «እኛ ስንቆጥር ወደ ላይ ብቻ ነው የምንወጣው።»

ጽናትም እንደዚያው ታደርጋለች። ስሞልቶክ የሚባለው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስኮት ይከፍታል፤ ውስጡ የእናትና የአባቱ ስም አለ፤ ስሙን ስትነካው የዚያ ሰው መስኮት ይከፈታል። በግራ ከራሷ ትነሳለች፣ በቀኝ ሊያገባት ካሰበው ከመምህር በዕውቀቱ። እሑድ የበዕውቀቱ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ከተገናኙ ግን ጋብቻ የለም።

የእሷን ወገን ቆጥረው ያስጻፏት መሪጌታ ናቸው። ከዚያ በኋላ በዕውቀቱ ላፕቶፑን ወስዶ፣ ከአክስቱ ከአዛለች ጋር ተቀምጦ የራሱን ወገን ጨመረበት። ሰኞ ሲመልስላት «ጨርሻለሁ» ብቻ አላት። ሻይ እንጠጣ ብትለው እንኳ እምቢ አለ።

ሦስተኛ ቤት። አራተኛ። ማን ይመጣ ይሆን እያለች በጉጉት ትከፍታለች። አምስተኛው ላይ በግራ ወለተ ኢየሱስ ትመጣለች። በቀኝም ወለተ ኢየሱስ።

«ይሄ ስም በመንዝ ሞልቷል» ይላሉ መሪጌታ ቶሎ ብለው። ጽናትን ይወዷታል፤ ጋብቻው እንዲቀርባት አይፈልጉም።

«መለየት ይቻላል፣ አባባ።» ጣቷን ቁልፎቹ ላይ ታደርጋለች። «ሌላ ሴት ከሆነች በግራ የምጽፈው በግራ ይቀራል። በዕውቀቱ እኔ የጻፍኳትን አግኝቶ ‹የእኔም ናት› ብሎ ከወገኑ ጋር አያይዟት ከሆነ ግን፣ በቀኝም ይታያል።»

በግራው መስኮት፣ ከስሟ ቀጥላ «እማማ» ብላ ትጽፋለች።

በቀኙም «እማማ» ይላል።

መሪጌታ ያማትባሉ። ጽናት እንባዋ ቢመጣም ዓይኗን ከስክሪኑ አትነቅልም። በዕውቀቱ ሌላ ወለተ ኢየሱስ አዲስ አድርጎ መጻፍ ይችል ነበር፤ ማንም አያውቅበትም ነበር። አልጻፈም። ከዛሬው ይበልጥ ወዳው አታውቅም።

በተከፈተው በር በኩል ሜዳው ይታያል። በዕውቀቱ ተማሪዎቹን ያሰልፋል፤ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ቆሟል።