የኩሎባ ቱቦ

ኩሎባ ከቡና ማሳው ዳር ቆሞ ሲጮህ ሚስቱ ናቢፎ ለምሳ ሙዝ እየላጠች ነበር። ቢላዋውን ጥላ ወጣች። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጭቃው ጫማዋን ያዘው።

«ድንበሩ ወደ ማሳዬ ገብቷል!» ይላል ባሏ። «ትናንት እዚህ አልነበረም!»

ከማዶ ታላቅ ወንድሙ ማቦንጋ ጥርሱን እየፋቀ ያየዋል። የሁለቱን ማሳ የሚለየው አባታቸው በረድፍ የተከሉት የድንበር ተክል ነው።

«እግር አበቀለ በለኛ» አለ ማቦንጋ። «እኔ ተክል ሲሄድ አይቼ አላውቅም።»

«ቅጠሉን እየው! ጠውልጓል!»

«ፀሐይ ነዋ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ናቢፎ ዞረ። «የወንድሜ ሚስት፣ ያ ነገር ጀመረው እንዴ?»

ናቢፎ የምታየው ከባሏ ጆሮ በስተኋላ ያለችውን እብጠት ነበር። ከእሷ የሚነሳ ቀጭን ቱቦ ከቆዳው ሥር በአንገቱ ይወርድና ጭንቅላቱ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውኃ ሆዱ ውስጥ ያፈሳል። ወጣት ሳለ ማጅራት ገትር ከያዘው ወዲህ የሚኖረው በዚያ ቱቦ ነው።

አንድ ጊዜ ተደፍኖ ያውቃል። ያኔም የጀመረው በቁጣ ነበር። ዶሮዬን ለጎረቤት ሰጠሽብኝ ብሎ ሳህን ሰበረ። ናቢፎ ተቀይማው ሳታናግረው ሰነበተች። ከዚያ አስመለሰው፤ ወደቀ፤ ምባሌ ሐኪም ቤት ሲደርስ ዓይኑን መግለጥ አቅቶት ነበር።

ቱቦውን የቀየሩለት ሐኪም፣ «ሁለተኛ ማስመለሱን እንዳትጠብቂ» አሏት። «ጠባዩ ሲለወጥ፣ ራሴን ሲል፣ ሲደናቀፍ፣ እንቅልፍ ሲያበዛ ይዘሽው ነይ። ከማንም በፊት የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

አሁን ሁሉም ነበረ። ራሴን ይላል። ሌሊት ስትነቃ አጠገቧ የለም፤ ንጋት ላይ ሱሪው በጤዛ ርሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ከማሳው በኩል ሲገባ ደጃፉ ላይ ይደናቀፋል። ቀን በተቀመጠበት ያንቀላፋል። ሻይ ላይ ጨው ጨምሮ፣ ልብ ሳይል ጠጣው። የሚወደውን የቀርከሃ ቡቃያ በኦቾሎኒ ሠርታ ብታቀርብለት ገፋው።

«ምባሌ እንሂድ» አለችው።

«ደግሞ ምን ልሠራ?»

«ቱቦው ነው፣ ኩሎባ።»

«ደንቆሮ ነሽ? መሬቴን እየበሉኝ ነው እላለሁ!»

«ድሮ እንዲህ አትሰድበኝም ነበር።»

«ሌላው ሰው ሲናደድ ተናደደ ይባላል። እኔ ስናደድ ቱቦው ነው። ዝናብ ሲመታኝም ቱቦው ነው በይ!» ሳህኑን አንስቶ ከግድግዳው ጋር አላተመው። «ወይስ አንቺም ከእሱ ጋር ነሽ?»

ናቢፎ ስብርባሪውን ለቀመች።

ቅዳሜ የጎሳው ሽማግሌዎች መጡ። ያስጠራቸው ራሱ ኩሎባ ነው። አለቃቸው አዛውንቱ ዎኒያላ በዘንጋቸው እየተመረኮዙ ድንበሩን ከላይ እስከ ታች ሄዱበት።

«እንዴት ቀጥ ብሏል እባካችሁ!» አሉ። «አባታችሁ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወቱ አንድ ነገር ቀጥ አድርጎ ተክሎ አያውቅም።»

ሰዎቹ ሳቁ። ማቦንጋም ሳቀ።

«አባቶቼ፣ እኔ ከወንድሜ ጋር አልከራከርም» አለ። «ታሟል። መኪና ተናግሬለታለሁ፤ ይታከም። እስኪሻለው ማሳውን እኔ አይለታለሁ።»

«ሌባ! አንተ ሌባ!» ኩሎባ በትር አነሳ። ሦስት ሰዎች ተጠምጥመው ያዙት።

ዎኒያላ ወደ ናቢፎ ዞሩ። «ልጄ፣ ባልሽ ደህና ነው? ደህና ነው ካልሽ ነገሩን እንሰማለን፤ መሬቱንም በገመድ እንለካለን። አይደለም ካልሽ ግን ድንበሩ ዛሬ ባለበት ይጸናል። የታመመ ሰው ቃል ይዘን ወንድማማች አናፋጅም።»

«ንገሪያቸው» አላት ኩሎባ። ያን ጊዜ ብቻ አልጮኸም።

ናቢፎ ያንን የተቀየመችበትን ሰሞን አሰበች። መሬት ቢሄድ መሬት ነው።

«ደህና አይደለም» አለች። «ያኔም እንዲህ ነው የጀመረው።»

ዎኒያላ ዘንጋቸውን መሬቱ ላይ ተከሉ። «እንግዲህ ድንበሩ ባለበት ነው።»

«ገደልሽኝ» አለ ኩሎባ።

አራት ሆነው መኪናው ላይ ጫኑት። አንዱን ስለነከሰው እጁን በገመድ አሰሩት። ማቦንጋ የራሱን ኮት አጥፎ ከጭንቅላቱ ሥር አደረገለትና ሾፌሩን፣ «እንዳይንገጫገጭ ቀስ ብለህ ንዳ» አለው። እሱ ግን አልሄደም። ማሳውን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል አለ።

መንገድ ላይ ናቢፎ ራሱን ልትደግፍለት እጇን ዘረጋች።

«አትንኪኝ!»

ከተማው ሲቃረብ ዝም አለ። ጠራችው። ነቀነቀችው። ዓይኑን አልገለጠም።

«ንዳው!» ብላ ጮኸች። «ባሌ እየሞተ ነው፣ ንዳው!»

ሐኪም ቤት ሲደርሱ በሩጫ አስገቡት። ጭንቅላቱን በመሣሪያ ፎቶ አነሡት፤ ከጆሮው ኋላ ባለችው እብጠት ላይም ቀጭን መርፌ ሰክተው የውኃውን ግፊት ለኩ። ናቢፎ ጭቃ የነካው ልብሷን ሳትቀይር አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ያኔ አርፍዳ ነበር። ዛሬ አላረፈደችም። ይህንን ደጋግማ ለራሷ ነገረች።

የዱሮው ሐኪም ወጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። የፊተኛውንና የዛሬውን የጭንቅላት ፎቶ ጎን ለጎን ይዘዋል።

«ቱቦው እንደ አዲስ ነው የሚሠራው» አሏት። «እንቅልፍ ነው የጣለው፤ ስንት ሌሊት እንዳልተኛ እንጃለት። ለመሆኑ ባልሽን እንዲህ ያናደደው ማን ነው?»