የጦቢያ ወተት

«አሸዋ ገባብኝ፣ እስቲ ጥረጊልኝ» ብላ ፊልሳን ፊቷን አስጠጋች። ጓደኛዋ የግራ ዓይኗን ሽፋሽፍት በጣቷ ቀስ አድርጋ ጠረገችላት። ከዚያ ጣቷን አየች። ጫፉ ነጭ ነበር። ከመልካ ጀብዱ ከተማ ወጣ ብለው ከዝናቡ በኋላ የበቀለውን እያዩ ሲሄዱ፣ ጦቢያ የሚባለውን ቁጥቋጦ ቅጠል ቀንጥሳ ነጭ ወተቱ ሲንጠባጠብ ለፊልሳን ያሳየቻት እሷ ራሷ ነበረች። «ዓይን ያጠፋል» ያለቻትም እሷው ነበረች።

«ፊልሳን፣ ወተቱ ጣቴ ላይ ነበር።» የያዙትን ውሃ በሙሉ ዓይኗ ላይ አፈሰሰችው። ግማሹ የፊልሳንን ሻሽ አራሰው።

«አቦ፣ አሰጠምሽኝ እኮ!» ፊልሳን ሳቀች። «ወላሂ ምንም አላቃጠለኝም። አንቺ ደግሞ ጥላሽንም ትፈሪያለሽ።»

ጓደኛዋ አለማቃጠሉን ስትሰማ ተረጋጋች። ወደ አስፋልቱ መንገድ ጀመሩ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር፤ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። ጥቂት እንደሄዱ ፊልሳን ቆመች። ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ወደ ተራራው ዞረች። በግራው ብቻ አተኩራ አየች።

«አንቺ፣» አለች ሳትስቅ፣ «ተራራው ላይ ጉም ወርዷል እንዴ?»