የዳውድ አዝራሮች

ጋሽ ጸጋዘኣብ ጣቶቻቸውን ከኪቦርዱ ሥር በተቀመጠው ጠፍጣፋ መሣሪያ ላይ አሳርፈው ጠበቁ። አንድም ነጥብ አልተነሣም። ጣታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ወሰዱ፤ መለሱ።

«ዳውድ፣ ከፍተኸዋል?»

«ከፍቻለሁ ጋሼ። ስክሪኑ ላይ አለ።»

«እንግዲያው ለስክሪኑ ብቻ ነው የነገርከው» አሉ።

አዲሱ ፕሮግራም ስክሪኑ ላይስ ያምር ነበር። ዳውድ ከፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት ጀምሮ ስሎተርቫርት ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤቱ ተቀምጦ የደከመበት ነው። መስኮቱን፣ አዝራሩን፣ የስም መጻፊያውን፣ ሁሉንም ከባዶ ተነሥቶ ራሱ ጻፈው። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚመጣውን፣ ሌሎች ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፉትን ኮድ መዋስ አልፈለገም። ከሥር እስከ ጫፍ የእሱ እንዲሆን ፈለገ። አዝራሩ ሲጫኑት ጥላውን ይዞ ስምጥ እንዲል ለማድረግ ብቻ አንድ ረመዳን አልቆበታል።

ጋሽ ጸጋዘኣብ ግን ስኳር ዓይናቸውን ከወሰደባቸው ቆይቷል። ሮተርዳም ዙይድ ባለው በዚህ የታክሲ መጥሪያ ቢሮ ስልክ የሚቀበሉት በጣታቸው እያነበቡ ነው፤ መሣሪያው የስክሪኑን ጽሑፍ በጥቃቅን የብሬል ነጥቦች ያነሣላቸዋል። እስካሁን የሚሠሩበት ጥቁር ስክሪን ያለው አሮጌ ፕሮግራም ሰኞ ይቀራል። አዲሱን ማንበብ ካልቻሉ ቤታቸው ተቀምጠው ከመንግሥት ኡትኬሪንግ የሚባለውን ድጎማ እንደሚቀበሉ አለቃቸው በትሕትና ነግሯቸዋል።

ዳውድ አሁን ገባው። የሠራው አዝራር የአዝራር ሥዕል ነበር። ለማሽኑ የሰጠው ቀለም ነው፤ ቃል አልሰጠውም። ሽማግሌው እንደማያዩት ቢያውቅም አንገቱን ደፋ።

ከጎኑ ሄለና ቆማለች። በሕፃንነቷ መጥታ ዴን ሃግ፣ ላክ ሰፈር ያደገች፣ አብራው የምትሠራ ፕሮግራመር ናት። እሷ ከባዶ አልጀመረችም። ያንኑ የሲ ኮድ እነሱ ከሚጽፉበት የፕሮግራም ቋንቋ ጋር የሚያነጋግር ስስ ማገናኛ በአንድ ሳምንት ጽፋ ጨርሳለች። ዳውድ ሥራዋን የኪራይ ቤት ነው፣ ግድግዳውን እንኳ መቀባት አትችዪም እያለ ሲያበሽቃት ከርሟል።

«የኔን ልክፈትልህ?» አለቻቸው።

«ክፈቺው እስቲ፣ አንተ ባይዋ» አሉ ጋሽ ጸጋዘኣብ፤ አንቱ ማለት እንደማይሆንላት ለምደውታል።

የሄለና መስኮት ግራጫና ደረቅ ነበር፤ ለዓይን የሚሆን ነገር የለውም። ነገር ግን ገና ሲከፈት ከመሣሪያው ሩዝ ሳህን ላይ ሲበተን የሚመስል ድምፅ ተሰማ። የሽማግሌው ጣቶች ተንቀሳቀሱ።

«ስም» አሉ ቀስ ብለው። «መንገድ። የቤት ቁጥር። እዚህ ጋ አዝራር አለ፤ መላኪያ ነው። ግን አሁን አይጫንም ይለኛል።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነው፤ ገና ምን ሞልቼበት።»

ዳውድ ወደ ሄለና ዞረ። ይህን የሚናገረው የቱ መስመር እንደሆነ ጠየቃት።

«ምንም አልጻፍኩም» አለች። እሷም ድምጿ ዝቅ ብሏል። «እኔ አዝራር ስጠኝ ብቻ ነው ያልኩት። ይሄ አብሮ መጣ። እንዳለም አላውቅም ነበር።»

ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ጸጋዘኣብ በሆላንድኛ ተቀበሉ። አንዲት አሮጊት ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት መኪና ትፈልጋለች። ሽማግሌው በሄለና መስኮት ላይ ጻፉ፣ የጻፉትን በጣታቸው አዩ፣ አንድ ፊደል አረሙ፣ ላኩ። ብዙም ሳይቆይ ከመስኮቱ ውጭ አንድ ታክሲ መብራቱን አብርቶ ወደ ዝናቡ ወጣ። ጋሽ ጸጋዘኣብ ሰኞ ቀደም ብለው እንደሚመጡ ዳውድና ሄለና ለአለቃቸው እንዲነግሩላቸው አዘዙ።

ዳውድ ያንን የሲ ኮድ የጻፈውን ሰው ሊገምተው ሞከረ፤ ከዓመታት በፊት፣ ዳውድ በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ክፍል ተቀምጦ የማያየውን ጣት ያሰበውን ሰው። ስሙ የትም የለም።

«ጋሼ» አለ፣ «እኔም ልንካው?»

ጋሽ ጸጋዘኣብ እጁን ፈልገው ያዙ፤ አመልካች ጣቱንም ነጥቦቹ ላይ አስቀመጡለት። ከዚያ በሌላ እጃቸው ወደሚቀጥለው መስመር አለፉ። ከጣቱ ሥር ነጥቦቹ ሰመጡ፤ ወዲያው በሌላ ቅርጽ ተነሡ። ዳውድ ማንበብ አይችልም፤ ጣቱን ግን አላነሣም።