የተሳበ የእጅ ፍሬን

ሦስት ሆነን ገፋናት፤ ቮልሷ ንቅንቅ አላለችም። ሁለቱ ጎረቤቶች እንደገና ትከሻቸውን ሲያስጠጉ ተዉት፣ ወደ ሥራችሁ ሂዱ አልኳቸው። የተያዘ ፍሬን በግፊያ አይለቅም። ሰው ግን ከመጠየቁ በፊት መግፋት ይወዳል።

ፈድሊያ የበረንዳውን ምሰሶ ተደግፋ ታየኛለች። ባሏ ሙሐመድሳኒ ይህችን መኪና እዚሁ አቁሞ፣ ከበር የጠሩትን የቀበሌ ሰዎች ተከትሎ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። እስር ቤት ስንቅ ስታመላልስ ቆይታ አንድ ቀን ከእንግዲህ አታምጪ አሏት። ለቅሶ መቀመጥም ተከለከለች፤ ለአብዮቱ ጠላት አይለቀስም ተብሎ። ቀበሌው ከአጥሩ ማዶ ስለሆነ ድምፅ አውጥታ አልቅሳ አታውቅም። ዛሬ ወንድሟ ከአጋሮ መጥቶ መኪናዋን ሊወስድ ነው፤ እኔን መካኒኩን የጠራችኝም ለዚያ ነው።

ክሪኩን አስገብቼ የፊት ጎማዎቹን ተራ በተራ አነሳሁ። በጣቴ ገፋ ሳደርጋቸው ዞሩ። የኋላዎቹን ግን በሁለት እጄ ብታገላቸውም ወይ ፍንክች። ሁለቱም እኩል ከተያዙ ምክንያቱ አንድ ነው ብዬ በሩን ከፍቼ ወደ ውስጥ አጎነበስኩ። ማርሽ አልገባም። የእጅ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ተስቧል።

እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ሙሐመድሳኒን መኪና ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በጅማ ዝናብ የእጅ ፍሬን ተስቦ ከከረመ የፍሬኑ ሸራ ከጎማው በስተጀርባ ካለው ታምቡር ጋር ዝጎ ይጣበቃል ብዬው ነበር። እሱ ደግሞ እስኪያሰለች ጥንቁቅ ነው። ቡና ሊገዛ በጭነት መኪና ለቀናት ሊሙ ገነት በሄደ ቁጥር ቮልሷን ማርሽ አስገብቶ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ወሽቆ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቆ ነበር የሚሄደው። ሚስቱን እንኳ እንዲህ አይሰናበትም እያልን እንስቅበት ነበር።

«ምን ሆና ነው፣ ጋሽ ሰብስቤ?» አለች ፈድሊያ ቀረብ ብላ።

የእጅ ፍሬኑን አሳየኋት፤ ልማዱንም ነገርኳት።

«እናቱ እንደማይመለስ አውቆ ነው የሄደው ይሉኛል» አለች። «ወደ ኋላ ሳይዞር ‹መጣሁ› ብቻ ብሎኝ ወጣ። እንዳልጮህ ዋሽቶኝ ነው ብዬ፣ ወላሂ፣ እስከ ዛሬ ተቀይሜዋለሁ።»

«አላወቀም» አልኳት። «ቢያውቅ ድንጋይ ይወሽቅላት ነበር። እንዲህ የሚያቆማት ለምሳ የሚመለስ ሰው ነው።»

ያጽናናኋት መስሎኝ ነበር። የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

«ማሎ፣ ወይኔ» አለች። «ምሳውን እኮ ሠርቼ ነበር።»

የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፍሬኑን ከእሱ በኋላ ማንም አልነካውም። ጫፉ ላይ ያለውን ቁልፍ በአውራ ጣቷ እንድትጫን ነገርኳት፤ ይዛው ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ተጭና ወደ ታች ለቀቀችው።

የኋላ ጎማዎቹ ያው እንደተያዙ ናቸው፤ ዝገቱ አብሯቸው ከርሟል። ጎማዎቹን ፈትቼ መዶሻ አነሳሁና ታምቡሮቹን ተራ በተራ ዙሪያቸውን መምታት ጀመርኩ። ጩኸቱ ግቢውን ሞላው። በመሃል ትንፋሽ ልስብ ቆም ስል የእሷን ድምፅ ሰማሁ፤ ከአንጀቷ የወጣ ነበር፣ ወዲያው በእጇ አፈነችው። ወደ አጥሩ አየሁ። መዶሻውን መልሼ አነሳሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛውም ታምቡር ቀጭ ብሎ ለቀቀ፤ በእጄ ሳዞረው ዞረ። እሷ ግን ለቅሶዋን ገና አልጨረሰችም። የለቀቀውን ታምቡር ከበፊቱ አጠንክሬ መምታቴን ቀጠልኩ።