ጠፋችብኝ

አውቶብሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶባት፣ ስልኳም ባትሪ ጨርሶባት፣ ልብስ ሰፊዋ ከሄደችበት የተመለሰችው በማግስቱ ነበር። ገና የግቢዋን በር ሳትከፍት ጎረቤቷ ጮኸችባት። «ውይ በሞትኩት፣ አለሽ እንዴ? ልጅቷ እኮ ጠፋችብኝ ብላ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች!»

ልጅቷ የተባለችው የእንጀራ ልጇ ናት። ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን አላመነችም። አባትየው ሞቶ ሁለቱ ብቻ ከቀሩ ወዲህ እንኳ ልጅቷ «አንቺ» ከማለት በቀር ጠርታት አታውቅም፤ ለሰው ስታወራ ደግሞ «የአባቴ ሚስት» ነበር የምትላት። እየሮጠች ጣቢያው በር ላይ ደረሰች። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ለፖሊሱ እየነገረችው ነበር። «አጠር ያለች ናት። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። አውራ ጣቷ ላይ ጠባሳ አላት፤ የእኔን ዩኒፎርም ስትሰፋ መርፌው ወግቷት ነው።» ልብስ ሰፊዋ ልትገባ ያነሳችውን እግር መለሰች። ቀና ብላ የማታያት ልጅ ይህን ሁሉ መቼ አየችው?

«ለመሆኑ ምንሽ ናት?» አለ ፖሊሱ።

ልብስ ሰፊዋ የለመደችውን መልስ ልትሰማ ጥርሷን ነከሰች።

«እናቴ ናት» አለች ልጅቷ። «ከሷ ሌላ ማንም የለኝም። እባካችሁ ፈልጉልኝ።»

ለካ ጠፋ የሚባለው ፈላጊ ያለው ሰው ነው! ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ሽልማት ሊቀበል ስሙ እንደተጠራ ሰው ደረቷን ነፍታ ገባች።

«የጠፋሁት እኔ ነኝ!» አለች።