አምስት ሰያፍ መስመሮች

የቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ ወለል መሃሉ ላይ ሃያ ሁለት ሚሊሜትር ሰምጧል። ኮምፒውተሩ ግን ዘጠኝ ብሎ ድርቅ አለ።

መሐንዲሷ ወለሉን በስክሪኑ ላይ በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ከፋፍላዋለች። እንዲህ ላለ ወለል ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ ቀመር የለም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በግምት ይሰላና ግምቶቹ ይገጣጠማሉ። ቁራጮቹ ባነሱ ቁጥር ግምቱ ወደ እውነቱ ይጠጋል። በአራት መቶ ቁራጭ ሞከረች፤ ዘጠኝ። በአራት ሺህ፤ ዘጠኝ ከምናምን። አርባ ሺህ አድርጋው ምሳዋን በልታ ተመለሰች፤ ያው ዘጠኝ።

«ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናላ» አለ አለቃዋ በበሩ ብቅ ብሎ።

«ማሽኑ የነገርኩትን ነው የሚያምነው። የነገርኩት ነው ውሸት የሆነው።»

የነገረችው የወለሉን ዳር ነው። ዳሩ እንዴት እንደተያዘ ካልተነገረው ኮምፒውተሩ ስለ መሃሉ ምንም ማለት አይችልም። ጫፉ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል? ወይስ ግድግዳው ላይ እንዲሁ ተጋድሟል? ከድሮው ስሌት ጋር በተያያዘው የእርሳስ ንድፍ ላይ፣ ከግራው ድጋፍ ስር፣ አምስት አጫጭር ሰያፍ መስመሮች ነበሩ። በመሥሪያ ቤቱ ልማድ «ተቀብሯል» ማለት ነው።

መስመሮቹ እንደሌሉ ቆጥራ የግራውን ዳር ለቀቀችው። ሃያ ሁለት።

ጫፉ ተጋድሞ ብቻ ነው የኖረው። ጫፉ ተቀብሯል በሚል ግን ወለሉን የሚሸከመው ብረት ተቀንሷል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሰው እዚያ ላይ ተቀምጦ ሲያነብ ኖሯል።

«የነገው ሪፖርት ላይ ስም እፈልጋለሁ» አለ አለቃዋ። «ንድፉ የአባትሽ ነው። ከከበደሽ ለሌላ ሰው ልስጠው።»

«አባቴ አላሰመራቸውም። የሱ መስመሮች ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው የሚያጋድሉት፤ እርሳስ ሲይዝ ደግሞ ወረቀቱን የሚያባብል ነው የሚመስለው። እነዚህ ወደ ግራ ያጋደሉ ናቸው፤ ወረቀቱን ሊበሱት ምንም አልቀራቸውም።»

«እንግዲያው ብረቱን ያሰላውን ጠይቂ። የተቀነሰው ብረት የት እንደገባ፣ በዚያው ዓመት ቤት የሠራ ማን እንደሆነም ጠይቂ።» ወደ በሩ አመራና ዞር አለ። «ደግሞ ካንቺ የተሻለ ሰው የለም። ያኔ ገና የወተት ጥርስሽ እየተነቀለ ነበር፤ ማንም በምንም አይጠረጥርሽም።»

ብረቱን ያሰላው «ሚሊሜትር» የሚሉት የአባቷ የድሮ ጓደኛ ነው። ትክክለኛ ስሙን ከደመወዝ ክፍል በስተቀር የሚያውቀው የለም። ጡረታ ሊወጣ አንድ ወር ቀርቶታል፤ መዝገብ ቤት ውስጥ የቆዩ ፋይሎችን በቁመታቸው እየደረደረ አገኘችው።

«ጋሼ፣ እነዚህን መስመሮች ማን ነው የጨመራቸው?»

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየ። «ወረቀቱ ከአባትሽ ቤት እንዲህ ሆኖ ነው የመጣልኝ፣ ልጄ። የመጣልኝን አሰላሁ።»

«አልጠየቁትም?»

«ያኔ አባትሽን የሚጠይቅ ሰው? መሬት ጠፍጣፋ ነች ብሎ ቢልክልኝ ስፋቷን አስልቼ ነበር የምመልስለት።»

አልሳቀችም። እሱም ሳቁን ዋጥ አድርጎ ፋይሉን ወደ ቦታው መለሰ።

ከሥራ ስትወጣ አባቷ ቤት ሄደች። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑን የሚያሳልፈው ምግብ ጠረጴዛው ጋ ነው። ድሮ ሥራ ወደ ቤት ሲያመጣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚሠራው፤ እሷም ከጎኑ ተቀምጣ፣ ከእርሳሶቹ አንዱን ተውሳ፣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ከበሩ አጠገብ፣ ከወንበሯ በስተጀርባ፣ አንደኛ ክፍል ሳለች የሳለችው ሥዕል በመስታወት ተሰቅሏል፤ ቤት፣ ድመትና ፀሐይ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ «የመጀመሪያ ፕሮጀክቷ ነው» ይላል። «ልጄ መሠረት የሌለው ነገር አትሠራም።»

ንድፉን ፊቱ ዘረጋችለት። አጎንብሶ አየው። ከዚያ ቀና አለና ዓይኑ ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ ቆየ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አባዬ፣ እጅህን አላውቀውም እንዴ? ይሄ ያንተ አይደለም።»

«ፈርሜበታለሁ። ንድፉን ሳልመለከት ፈረምኩ። ስሜን ጻፊ።»

«ለጓደኛህ ብለህ ነው።»

«እሱ እንኳንስ መስመር ነጥብም ጨምሮ አያውቅም።»

«ታዲያ ማን ነው? ሰው ሊያልቅ ይችል ነበር እኮ፣ አባዬ። ማንም ይሁን ማን አልምረውም።»

አባቷ ወረቀቱን በሁለት እጁ አጠፈው።

«ስሜን ጻፊ፣ የኔ ልጅ» አለ። «ሌላ ምንም አልለምንሽም።» ሻይ ሊጥድ ወደ ወጥ ቤት ገባ።

እንዲህ ሲለምን አይታው አታውቅም። አባቷን እዚህ ያደረሰው ሰው፣ ቤቱን ሠርቶ ልጆቹን ድሮ ኩሎ፣ መዝገብ ቤት ፋይል ይደረድራል። ላፕቶፗን ከፈተች። ከድሮው ስሌት ፋይል ላይ የሚሊሜትርን ሙሉ ስም ፊደል በፊደል ወደ ሪፖርቱ ገለበጠች። አንድ ጊዜ አነበበችውና ለአለቃዋ ላከችው።

ከወጥ ቤት የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። ቦርሳዋን ለማንሳት ዞር ስትል ከሥዕሉ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። ከቤቱ ስር ሣር አለ፤ ከድመቷ ስር ሣር አለ፤ ሰማይ ላይ ካለችው ፀሐይ ስር እንኳ አምስት አጫጭር ሣሮች፣ ወረቀቱን ሊበሱ እስኪደርሱ ተጭነው፣ ሁሉም ወደ ግራ ያጋደሉ።